ለአዲስ ምልምል የሚገዛ ሰንጢ፦ ስንቅ ነው ወይስ ትጥቅ?

«ሰንጢ» የሚለው ቃል አዲስ አበባ ውስጥ ስሙ ጥሩ አይደለም። አንድ ጓደኛችሁ ኪሱ ውስጥ ሰንጢ እንደያዘ ብትሰሙ ብርቱካን ሊልጥበት ነው ብላችሁ አታስቡም። የመገናኛ የምሽት ግፊያ፣ የስልክ ነጠቃ፣ የሰፈር ጠብ ነው ወደ አእምሯችሁ የሚመጣው። ባንክ ስትገቡ፣ ሞል ስትገቡ፣ ለበዓል መስቀል አደባባይ ስትሄዱ ፈታሹ ኪሳችሁን ዳብሶ ከሚፈልጋቸው ነገሮች አንዱ እሱ ነው።

እና አክስቴ ባለፈው ወር ደውላ «ለልጄ አንድ ጥሩ ሰንጢ ፈልጊልኝ» ስትለኝ ትንሽ ዝም አልኩ።

አክስቴ ኮተቤ ነው የምትኖረው። ልጇ 19 ዓመቱ ነው። የ12ኛ ክፍል ፈተናን በ2017 ዓ.ም. ወስዶ አላለፈም። ብቻውን አይደለም፤ በዚያ ዓመት ከተፈተኑት ውስጥ ግማሽና ከዚያ በላይ ውጤት ያመጡት 8.4 በመቶ ብቻ ናቸው። ከዚያ በፊት በነበረው ዓመት ደግሞ 5.4 በመቶ። ጥቂት ወራት የግንባታ ሥራ ላይ አሸዋ አመላለሰ፣ ጥቂት ወራት ቤት ተቀመጠ፣ ከዚያ አንድ ቀን ራት ላይ «መከላከያ ተመዝግቤያለሁ» አለ። በቃ። ኢኮኖሚክስ ያጠና ሰው ይህን «የአማራጭ ዋጋ» ብሎ ሊያስረዳችሁ ይችላል። አክስቴ ግን የምታውቀው ልጇ ሊሄድ መሆኑን ነው።

«ሰንጢ ለምን ፈለግሽ?» አልኳት።

«ታዲያ ባዶ እጁን ይሂድ?»

ባዶ እጁን

ይህቺ ዓረፍተ ነገር ብዙ ቀን አብራኝ ሰነበተች። መንግሥት ጠመንጃ ሊሰጠው ነው፤ እናቱ ግን ባዶ እጁን ይሄዳል ብላ ትሰጋለች። አገሩ በሙሉ ሰላም ቢሆን ኖሮ ጥያቄው ቀላል ነበር። አሁን ግን አንድ እናት ልጇን ወደ ጦር ስትሸኝ የምታስበው ስለ ምርቃት ቀን ብቻ አይደለም። እጁ ላይ የሆነ ነገር ማስያዝ ትፈልጋለች። መጀመሪያ የጠየቀችኝ እንዲያውም ሰንጢ ሳይሆን «ጩቤ ነገር» ነበር፤ ሁለት በኩል የተሳለ፣ ከቀበቶ ጋር የሚታሰር።

አማርኛችን ለዚህ ጉዳይ ጥሩ ጥንድ ቃል አለው፦ ስንቅና ትጥቅ። ስንቅ የሚበላው፣ የሚለበሰው፣ መንገዱን የሚያቀልለው ነው። ትጥቅ የሚዋጉበት ነው። በአፄ ምኒልክ ጊዜ፣ ቤተ መንግሥቱ ገና እንጦጦ ላይ ሳለ፣ ዘማች ስንቁን ከቤቱ ይዞ ነበር የሚወጣው፦ በሶ፣ ቋንጣ፣ ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ። ዛሬ መደበኛ ጦር ስላለ ትጥቁ ሙሉ በሙሉ የመንግሥት ሥራ ሆኗል። ለቤተሰብ የቀረው ስንቁ ነው።

እኔ የምለው እንግዲህ ይሄ ነው። ለአዲስ ምልምል የምትገዙት ሰንጢ ስንቅ ነው እንጂ ትጥቅ አይደለም። ይህን ከወሰናችሁ የሚቀጥለው ምርጫ ሁሉ ቀላል ይሆናል፦ ርዝመቱ፣ ብረቱ፣ ቅርጹ፣ የምትሰጡበት ቀን ጭምር። ካልወሰናችሁ ግን ገበያ ውስጥ ሻጩ ይወስንላችኋል፤ እሱ ደግሞ የሚያወጣላችሁ የሚያስፈራውን ነው።

ሰፈራችን ውስጥ በደርግ ጊዜ ያገለገሉ አንድ ጎረቤት አሉ፤ ሁላችንም «ጋሼ» ነው የምንላቸው። ምክር ልጠይቃቸው ሄድኩ።

«ጋሼ፣ እርስዎ ወታደር ቤት ሰንጢ ነበርዎት?»

«ሳንጃ ነበረኝ» አሉኝ። «በሱ የወጋሁት ጠላት የለም። ሽንኩርት ግን ስንቱን!»

ከዚያ ስለ ኮቾሮ አወሩልኝ፤ ያ የድሮ ወታደር ደረቅ ብስኩት፣ ጥርስ የማይደፍረው። በሳንጃው ጀርባ እየሰበሩ ኮዳ ውኃ ውስጥ ነክረው ይበሉት ነበር። ገመድ የሚቆርጡት፣ የጫማ ቆዳ የሚበሱት፣ እግራቸው ላይ የገባ እሾህ የሚያወጡት በዚያው በሳንጃ ነበር፤ ለሁሉም ነገር ትልቅ፣ ለሁሉም ነገር የማይመች። «ያኔ አንዲት ትንሽ ሰንጢ ባገኝ» አሉ፣ «ከሳንጃው ይልቅ እሷን ነበር የምጠብቃት።»

ሰንጢ ወታደር ኪስ ውስጥ እንዴት ገባ?

የጋሼ ነገር የሳቸው ብቻ እንዳይመስላችሁ። በዓለም ላይ በጣም ታዋቂው የወታደር ሰንጢ፣ ቀዩ የስዊስ ሰንጢ፣ የተወለደው በዚሁ ምክንያት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1889 የስዊዘርላንድ ጦር ሽሚት ሩቢን የሚባል አዲስ ጠመንጃ ተቀበለ። ጠመንጃውን ለመፍታትና ለማጽዳት ካቻቢቴ ያስፈልጋል። ለወታደሩ የሚቀርበው ምግብ ደግሞ በቆርቆሮ መምጣት ጀምሮ ነበር። ስለዚህ ጦሩ ለእያንዳንዱ ወታደር አራት ነገር የያዘ ታጣፊ ሰንጢ እንዲታደል ወሰነ፦ አንድ ስለት፣ አንድ የቆርቆሮ መክፈቻ፣ አንድ ካቻቢቴ፣ አንድ ወስፌ። ከአራቱ አንዱም ጠላት መውጊያ ተብሎ አልተሠራም። ይህ የአውሮፓ ጦር ነው፤ ስለ ሰንጢ ሲያስብ ያሰበው ስለ ምግብና ስለ ብሎን ነው።

የኢኮኖሚክስ ሰው ስለሆንኩ የታሪኩ ሁለተኛ ክፍል የበለጠ ይስበኛል። የመጀመሪያዎቹ ሰንጢዎች የተሠሩት ስዊዘርላንድ ውስጥ ሳይሆን ጀርመን፣ ዞሊንገን ከተማ ነበር፤ አገር ውስጥ ያን ያህል ብዛት የሚያመርት ስላልነበረ። ካርል ኤልሰነር የሚባል ቢላ ሠሪ ግን እ.ኤ.አ. በ1884 ኢባኽ በምትባል ትንሽ ቦታ ወርክሾፕ ከፍቶ ነበር። በዚያን ጊዜ ብዙ የስዊስ ወጣት ሥራ አጥቶ ይሰደድ ነበር፤ ልክ እንደኛ። ኤልሰነር ቢላ ሠሪዎችን አሰባስቦ እ.ኤ.አ. በ1891 ለጦሩ ማቅረብ ጀመረ። የጀርመን ፋብሪካዎች በርካሽ ስለሚያመርቱ ጓደኞቹ አንድ በአንድ ተዉት፤ እሱም ሊከስር ትንሽ ነበር የቀረው። እ.ኤ.አ. በ1897 ቀለል ያለችና ለመኮንኖች የምትሆን ሰንጢ አወጣ። ጦሩ አላደላትም፤ መኮንኖች ከኪሳቸው ገዙት። ኩባንያው ዛሬ ቪክቶሪኖክስ ይባላል፤ ቪክቶሪያ ከሚለው የእናቱ ስምና ኢኖክስ ከሚለው የማይዝግ ብረት መጠሪያ ተገጣጥሞ።

ወደኛ ስንመጣ ደግሞ በሚያዝያ 1943 ዓ.ም. ከአዲስ አበባ ተነስቶ ኮሪያ የዘመተው የመጀመሪያው ቃኘው ሻለቃ የተዋጋው ከአሜሪካ 7ኛ እግረኛ ክፍለ ጦር ጋር ነው፤ አቅርቦቱም ከአሜሪካ ጦር ነበር። የዚያ ዘመን የአሜሪካ ወታደር ቆርቆሮውን የሚከፍተው «ፒ 38» በምትባል፣ አውራ ጣት በምታህል ታጣፊ መክፈቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1942 ነው የተሠራችው። ብዙዎቹ ወታደሮች ከአንገት ሰሌዳቸው ጋር አንጠልጥለዋት ይዞሩ ነበር። መድፍና ታንክ ባለበት ጦርነት ውስጥ ወታደር እንዳትጠፋበት የሚሳሳላት ያቺን ቁራጭ ቆርቆሮ ነበር።

ለመዋጋት የሚሆን ስለት ከተባለ እሱ ከትጥቁ ጋር ይመጣል። የክላሽ ሳንጃ፣ በተለይ የኤኬኤም ዓይነቱ፣ ከአፎቱ ጋር ሲገጣጠም ሽቦ መቁረጫም ይሆናል። አክስቴ ከሾላ ገዝታ ከዚያ የተሻለ መሣሪያ ልታቀርብ አትችልም። ያቺን የኪስ ሰንጢ ግን ትችላለች።

ሾላ ገበያ ውስጥ

ቅዳሜ ጠዋት ሾላ ገበያ ገባሁ። ከዚያ በፊት ቴሌግራም ላይ አይቼ ነበር፤ እዚያ ሁሉም ነገር «ኦሪጅናል» ነው፣ ሁሉም ነገር «የኮማንዶ» ነው። ሰንጢ ግን በፎቶ አይገዛም። እጃችሁ ላይ ይዛችሁ፣ ከፍታችሁ፣ ዘግታችሁ ነው።

ሻጩ «እህቴ፣ ለወጥ ቤት ነው?» አለኝ። ለወንድሜ ነው፣ ወታደር ሊሆን ነው ስለው ወዲያው ከባንኮኒው ሥር ሌላ ሳጥን አወጣ። ጥቁር፣ ጥርስ ያለው፣ የራስ ቅል የተሳለበት፣ ቁልፉን ሲጫኑት «ጭልጥ» ብሎ በራሱ የሚፈናጠር። «ይሄ ነው የወታደር» አለ። ከላይ ያልኩት ይሄንን ነው፤ ካልወሰናችሁ ሻጩ ይወስንላችኋል።

እንግዲህ እኔ የተጠቀምኩበት መለኪያ ይኸውና፤ ስትገዙ ይጠቅማችኋል።

አንደኛ፣ ርዝመት። አራት ጣታችሁን ገጥማችሁ ስለቱ ላይ አድርጉት። ስለቱ ከአራት ጣት ስፋት፣ ማለትም ከ7 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር፣ ብዙ መብለጥ የለበትም። ዳቦ፣ ገመድ፣ ሽንኩርት፣ ማዳበሪያ (ጆንያውን ነው የምላችሁ) ለመቁረጥ ይበቃል። ከዚያ ሲረዝም ሥራው አይጨምርም፤ ፈታሽ ዓይን ውስጥ ግን ሌላ ነገር ይሆናል።

ሁለተኛ፣ አንድ በኩል ብቻ የተሳለ ይሁን። ሁለት አፍ ያለው ለመውጋት ነው የተሠራው። አውራ ጣታችሁን ጀርባው ላይ አሳርፋችሁ መጫን ካልቻላችሁ ለእንጨትም ለምግብም አይሆንም። በራሱ የሚፈናጠረውንም ተዉት፤ ኪስ ውስጥ በራሱ ሊከፈት ይችላል፣ ስፕሪንጉም መጀመሪያ የሚበላሸው እሱ ነው።

ሦስተኛ፣ ሲከፈት መቆለፍ አለበት። ብዙ ሰው የሚቆረጠው ስለቱ ተመልሶ ጣት ላይ ሲዘጋ ነው። ከፍታችሁ የስለቱን ጀርባ በእንጨት መታ መታ አድርጉት፤ ከተነቃነቀ ወይም ከታጠፈ መልሱት። ጣታችሁን ግን ከመዝጊያው መንገድ አርቁ። በጣም ቀላሉ ቁልፍ የፈረንሳዮቹ ኦፒኔል ነው፦ የእንጨት እጀታ፣ አንድ ስለት፣ እ.ኤ.አ. ከ1955 ጀምሮ ደግሞ የምትዞር አንዲት የብረት ቀለበት። በቃ። ከመቶ ዓመት በላይ ሲሸጥ ኖሯል።

አራተኛ፣ ብረቱ። ሻጮች «ማግኔት ካልሳበው ስቴንለስ ነው» ይላሉ። ለድስት ሊሠራ ይችላል፤ ለሰንጢ አይሠራም። ለስለት የሚሆነው ስቴንለስ ራሱ በማግኔት ይሳባል። የተሻለው ምልክት ስለቱ ላይ የታተመው ነው። ብዙዎቹ የቻይና ሰንጢዎች ላይ «3ሲአር13» ወይም «8ሲአር13» የሚል ታገኛላችሁ። የመጀመሪያው ቁጥር የካርቦኑን መጠን ይጠቁማል፦ 3 ከሆነ 0.3 በመቶ አካባቢ፣ 8 ከሆነ 0.8 በመቶ አካባቢ። የኋለኛው 13 ደግሞ 13 በመቶ ክሮሚየም ነው፤ እንዳይዝግ የሚያደርገው። ካርቦኑ ከፍ ሲል ስለቱ ቶሎ አይዶለዱምም። ሁለቱ በዋጋ ከተቀራረቡ ባለ 8ቱን ውሰዱ። ምንም ያልታተመበት ከሆነ ግምት ነው የምትገዙት።

አምስተኛ፣ እጀታው። መዳፋችሁን ውኃ አርጥባችሁ ያዙት። የሚያንሸራትት ከሆነ ዝናብ ላይ፣ ላብ ላይ፣ ዘይት ላይም ያንሸራትታል። ጫፉ ላይ ሲባጎ የሚገባበት ቀዳዳ ይኑረው፤ ከቀበቶ ጋር ያልታሰረ ሰንጢ በወሩ ይጠፋል።

ስድስተኛ፣ ብዛቱ። 15 ነገር ያለው አለ፤ መቀስ፣ መጋዝ፣ ፒንሳ፣ የጥርስ መጎርጎሪያ። እንደኔ ለመጀመሪያ ሰንጢ አንድ ስለት፣ የቆርቆሮ መክፈቻና ካቻቢቴ ይበቃሉ። በሁለት ቢላ የሚበላ ሰው እንደማይታመን ሁሉ ርካሽ ሆኖ 15 ነገር አለኝ የሚል ሰንጢም አይታመንም፤ ሁሉም ጎማማ ነው። ቀይ ቀለምና መስቀል ስላለበት ብቻ ደግሞ የስዊስ አይደለም። የእውነተኛው ስለት ግርጌ ላይ የኩባንያው ስም ተቀርጾ ይገኛል፤ ሲከፈትና ሲዘጋ ድምፁ ጥርት ያለ ነው፤ ስለቱም ግራና ቀኝ አይነቃነቅም።

ዋጋው? ከውጭ የሚመጣ ነገር ስለሆነ ከዶላር ጋር ነው የሚሄደው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመራ ከመለቀቁ በፊት አንድ ዶላር 57 ብር አካባቢ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። የስዊሱን የተውኩት ለዚህ ነው። ባለ «8»፣ ቁልፍ ያለው፣ አረንጓዴ እጀታ ያለው አንድ የቻይና ሰንጢ መረጥኩ። ሁለት ሰው ተቀምጦ ጥብስ ከሚበላበት ሒሳብ ያንሳል። ሻጩ የራስ ቅሉን ወደ ሳጥኑ እየመለሰ «ለወታደር ይቺ ታንሳለች» አለ። ጋሼ ግን «ትበቃዋለች» ብለዋል።

የባሌስትራው ቢላ

እግረ መንገዴን መርካቶ፣ ምናለሽ ተራም ሄጄ ነበር። እዚያ ምንም ነገር አይጣልም። የተሰበረ የመኪና ባሌስትራ እሳት ገብቶ፣ ተቀጥቅጦ፣ ተስሎ ቢላ ይሆናል። እና አትናቁት! ባሌስትራ ሺህ ጊዜ ተለጥጦ እንዳይሰበር ተብሎ የተሠራ ብረት ነው። በትክክል ከተሞቀና ከቀዘቀዘ በጣም ጥሩ ስለት ይወጣዋል፤ ለገበያው ስስ ስቴንለስ እጅ አይሰጥም። ጉዳቱ መዛጉ ነው፤ ሎሚ ወይም ሽንኩርት ቆርጣችሁ ሳትጠርጉት ብታድር ጠዋት ጠቁሮ ታገኙታላችሁ።

አክስቴ ለቤቷ አንድ ገዛሁላት። ለልጁ ግን አልሆነም፤ እዚያ ያገኘኋቸው ሁሉ የማይታጠፉ ናቸው። የማይታጠፍ ቢላ በአፎት፣ በቀበቶ ነው የሚያዘው፤ ወደ ትጥቅ ይጠጋል።

ለምን ታጣፊ እንደማይሠሩ አንዱን ባለ እጅ ጠየቅኩት። «ማን ይገዛኛል? ቻይና አለ» አለኝ። ኤልሰነርን አሰብኩ። እሱም ዞሊንገን ነበረበት፤ ነገር ግን ቋሚ ገዢ ነበረው፣ የገዛ አገሩ ጦር። እኛ ዘንድ ደግሞ ብረት የሚቀጠቅጥ ሰው ለዘመናት «ቡዳ» ሲባል ኖሯል። አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሙያው መስደብ የሚከለክል አዋጅ እስከ ማውጣት ደርሰው ነበር። ስድቡ ቢቀንስም ትእዛዙ ግን አልመጣም። አንድ ተቋም «በዓመት ይህን ያህል ታጣፊ ሰንጢ እፈልጋለሁ» ቢል ምናለሽ ተራ ውስጥ የሚቀየረውን ሳስብ... ይሁን፣ ይህ የሌላ ቀን ጽሑፍ ነው።

ተራራው ላይ

ሰንጢ ገዝቶ መስጠት ብቻ አይበቃም፤ መያዝም ማስተማር ያስፈልጋል። እሑድ ከሰዓት ልጁን ይዤ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ የሚያወጣውን ዳገት ወጣን። ያልተቆረጠ ሲባጎ፣ ማንጎ፣ አንድ የሰርዲን ቆርቆሮ ይዣለሁ።

እውነቱን ለመናገር ልጁ ስለ ሰንጢው ብዙም ግድ አልነበረውም። «እኔ ፓወር ባንክ ብትገዙልኝ ነበር የምመርጠው» አለኝ። ከዚያ ከፈተና እንደ ፊልም ያዛት፤ ወደ ታች ጨብጦ፣ ስልኩን አውጥቶ ሊቀረጽ።

«ቲክቶክ ላይ እንዳትለቀው» አልኩት።

መጀመሪያ ሲባጎውን ቆረጠ። ከዚያ ከወደቀ የባሕር ዛፍ ቅርንጫፍ የድንኳን ችካል እንዲያሾል ነገርኩት። እንጨቱን ደረቱ ላይ አስደግፎ ወደ ራሱ መላጥ ጀመረ። በዚያው መንገድ ጭራሮ የተሸከሙ ሴቶች እየወረዱ ነበር፤ ጀርባ የሚያጎብጥ ሸክም። አንዷ እናት ሸክማቸውን ድንጋይ ላይ አሳርፈው ሲያዩት ቆዩና «አንተ ልጅ፣ ወደ ራስህ አትቁረጥ! ወደ ውጭ፣ ወደ ውጭ!» አሉት።

ደነገጠ፤ አዞረው።

«ወዴት ልትሄድ ነው?» አሉት።

«ወታደር ልሆን ነው፣ እማማ።»

ዝም ብለው አዩት። ከዚያ የሸክማቸው ገመድ ጫፉ ተበጣጥሶ ሊፈታ እንደደረሰ አሳዩትና «እንግዲያው ይቺን ቁረጥልኝ» አሉ። ገመዱን ወጥሮ፣ ከራሱ አርቆ፣ በአንድ ጊዜ ቆረጠላቸው። መልሰው አሰሩት፤ ሸክሙን እኔና እሱ ደግፈን አነሳንላቸው። «እግዚአብሔር በሰላም ይመልስህ» ብለው ወረዱ።

ከዚያ በኋላ ስልኩን ኪሱ ከተተ። ሰርዲኑን ከፍተን በዳቦ በላን። ሲመሽ ሰንጢዋን ራሱ ጠርጎ አጠፋት። እኔ ለአንድ ሰዓት ያስረዳሁትን እኚያ እናት በአንድ ገመድ አስረዱት።

አንድ ነገር ደግሞ ቁጭ ብለን በግልጽ ተነጋገርን። ጠብ ውስጥ፣ ከጓደኛ ጋርም ይሁን በካምፕ፣ ይቺ ነገር ከኪስ አትወጣም። የ19 ዓመት ልጅ ተናዶ በጥፊ ከተማታ ነገ ይታረቃል። ሰንጢ ካወጣ ግን ነገ የሚባል ነገር ላይኖር ይችላል፤ ለሱም ለዚያኛውም። ትጥቅ አይደለም የምለው በቃላት ለመጫወት አይደለም።

መቼ ይሰጠው?

ብዙ ሰው የሚዘለው ጥያቄ ይሄ ነው። በብዙ አገር ጦር ውስጥ መሠረታዊ ሥልጠና ላይ ያለ ምልምል የግል ስለት መያዝ አይፈቀድለትም። ለምሳሌ አሜሪካ ውስጥ ምልምሎች ገና የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ የግል ቢላቸውን እንዲያስረክቡ ይደረጋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ገና የማይተዋወቁ፣ እንቅልፍ ያጡ፣ የተናደዱ ወጣቶች አንድ አዳራሽ ውስጥ ያድራሉ። ብርሸለቆም ይሁን ሁርሶ ወይም ጦላይ፣ የሚገባበትን ማሠልጠኛ ደንብ የሚያውቀው ማሠልጠኛው ነውና የመዘገበውን ጽሕፈት ቤት ጠይቁ። የተከለከለ ከሆነ ደብቆ ማስገባት የሚባል ነገር የለም። በር ላይ ቢያዝ የመጀመሪያ ቀኑን በቅጣት ይጀምራል፤ ሰንጢውም ይወሰዳል።

የኔ ምክር፣ ለሥልጠናው ጊዜ ቤት ይቆይ፤ ሲመረቅና ምድቡ ሲታወቅ፣ ከአለቃው ፈቃድ ጋር ይሰጠው። ለፈቃድ ሲመጣም ከተማ ውስጥ ኪሱ ይዞት አይዙር። ታጥፎ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ ሻንጣው ውስጥ ይቀመጥ። በአውሮፕላን ከሆነ ደግሞ በእጅ ሻንጣ አይሞከርም፤ ወደ ጭነት ነው የሚገባው።

ይህን ለአክስቴ ስነግራት ፊቷ ጠቆረ። «ታዲያ አሁን ምን ይዞ ይሂድ?» አለች።

ቁጭ ብለን ጻፍን። መርፌና ክር፤ ቁልፍ ሲበጠስ ማንም አይሰፋለትም። የጥፍር መቁረጫ። የቁስል ፕላስተር። ሦስት ጥንድ ወፍራም ካልሲ፤ ከስክስ ጫማ እግር ያላጠው ሰው ያውቃታል። በሶ፣ ጭኮ፣ ትንሽ ዳቦ ቆሎ። የቤተሰብ ስልክ ቁጥሮች በወረቀት ላይ፤ ስልክ ባይፈቀድ ወይም ባትሪ ቢያልቅ የእናቱን ቁጥር በቃሉ የሚያውቅ ልጅ ዛሬ ስንት ነው? እሱ ራሱ ሲጠየቅ አላወቀውም። ወረቀቱ ከዝርዝሩ አንደኛ ሆነ።

ሰንጢዋ አሁን አክስቴ ቡፌ ውስጥ፣ ከሲኒዎቹ ጎን ናት። ሲኒ ካነሳሁ አይቀር፣ ለምትገዙ ሁሉ የመጨረሻ ነገር ልበል። መሳያ ድንጋይ ከሌላችሁ ሲኒውን ገልብጡት። መቀመጫው ላይ ያለችው ያልተወለወለች ሻካራ ቀለበት ስለት ታቀናለች። ስለቱን 20 ዲግሪ ያህል አዘንብላችሁ፣ ማለትም ጀርባውን ትንሽ ብቻ ከፍ አድርጋችሁ፣ ከግርጌው እስከ ጫፉ በቀስታ ጎትቱት። አንዴ በግራ፣ አንዴ በቀኝ፣ አሥር አሥር ጊዜ። ከዚያ ጥረጉት፤ ማጠፊያው ላይ አንድ ጠብታ የስፌት መኪና ዘይት ጣል አድርጉበት። የምግብ ዘይት አይሆንም፤ ቆይቶ ይሙለጨለጫል፣ ከዚያ እንደ ሙጫ ይይዛል። እና የዶለዶመ ቢላ ይሻላል የሚለውን እርሱት። የዶለዶመ ስለት ኃይል ያስጨምራል፤ ኃይል ሲጨመር ደግሞ ያመልጣል፤ ሲያመልጥ የሚያገኘው ጣት ነው።

አክስቴ በየሳምንቱ ታወጣትና ሲኒ ላይ ትስላታለች። እንደዚህ ከቀጠለች እስኪመረቅ ስለቱ ያልቃል ብዬ ቀልጄባታለሁ። እሷ አልሳቀችም። ቀኑ ሲደርስ ራሷ ይዛለት ትሄዳለች፤ ከጭኮው ጋር፣ በአንድ ፌስታል።